ነዳጅ የሚያበቅለው መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1925 ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ገባ። የእንግሊዝ መንግሥት ዓይን ግን ያረፈው ከከተማዋ በስተ ሰሜን በተንጣለለው ጣና ላይ ነበር። ሐይቁ ላይ ግድብ ሠርቶ የሱዳንን የጥጥ እርሻና የግብፅን መስኖ የማጠጣት ሐሳብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል። ቺዝማን እስከ 1934 ድረስ በቅሎ እያስጫነ ቆላ ወረደ፣ ደጋ ወጣ፤ ከዚያ በፊት በካርታ ላይ በግምት ይሰመር የነበረውን የአባይን ጉዞ ለክቶ አሰፈረ። በ1936 ያሳተመው የጣናና የአባይ መጽሐፉ ዛሬም የጎጃምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሳያገላብጠው የማያልፈው ነው። ያኔ ስለ አባይ ሲወራ የሚወራው ስለ መስኖ ነበር። ልክ በመቶ ዓመቱ በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ማመንጫ ዕቅድ ይታወጃል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቺዝማን የአባይን ሸለቆ በሚለካባቸው ዓመታት ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ላውረንስ የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ሌላ ነገር ይዞ ነበር። የጊዜው ሳይንቲስቶች የአተምን አስኳል ለመስበር ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት መወርወር ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ግን የሚሊዮን ቮልት ኃይል ያስፈልጋል፤ ሚሊዮን ቮልት ደግሞ መሣሪያውን ራሱን ይበሳዋል። ላውረንስ በ1929 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የኖርዌይ መሐንዲስ በጀርመንኛ ያሳተመውን ጽሑፍ ሲያገላብጥ መላ መጣለት። ቅንጣቱን በአንድ ትልቅ ግፊት ከመወርወር ይልቅ በማግኔት እያዞሩ፣ በዞረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ መግፋት። ከተማሪው ከስታንሊ ሊቪንግስተን ጋር በጥር 1931 ያስጀመሩት መሣሪያ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ነበረው፤ በመዳፍ የሚያዝ ነው። ከ2,000 ቮልት ባነሰ ግፊት ቅንጣቶቹን 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት አደረሳቸው። ሳይክሎትሮን ተባለ። በ1939 ላውረንስ ኖቤል ሲሸለም በርክሌይ ውስጥ የቆመው ሳይክሎትሮን ስፋቱ 152 ሴንቲ ሜትር፣ የማግኔቱ ክብደት 220 ቶን ደርሶ ነበር።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ባለጉዳይ ዩራኒየም ነው። በ1938 መጨረሻ በርሊን ላይ ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየም በኒውትሮን ሲመታ ለሁለት እንደሚሰነጠቅ ደረሱበት፤ ሊዘ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽ ደግሞ የሆነው ምን እንደሆነ አስረዱ። ሲሰነጠቅ ብዙ ሙቀት ይሰጣል፣ ሌሎች ኒውትሮኖችንም ይተፋል፤ እነሱ በተራቸው ሌላውን ይሰነጥቃሉ። ችግሩ ከመሬት ከሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው፣ ዩራኒየም 235 የሚባለው፣ 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው 99.3 በመቶ ዩራኒየም 238 ነው፤ እሱ ኒውትሮን ሲያገኝ ከመሰንጠቅ ይልቅ ውጦ ዝም ይላል። ዝም ይበል እንጂ ከዋጠ በኋላ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ወደ ምን?

መልሱ የተገኘው በሳይክሎትሮን ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ዓ.ም. ግሌን ሲቦርግና ጓደኞቹ በርክሌይ ባለው ትልቁ ሳይክሎትሮን ዩራኒየምን ዲዩትሮን በሚባሉ ቅንጣቶች ደበደቡ። ሲቦርግ ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። አርተር ዋል የሚባለው ተማሪ ከተደበደበው ዩራኒየም ውስጥ አዲሱን ንጥረ ነገር በኬሚካል ለይቶ ለማውጣት ሳምንታት ፈጀ። በየካቲት 16 ለ17 አጥቢያ ሌሊት፣ ጊልማን ሆል በሚባለው ሕንፃ 307 ቁጥር በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ከታወቀ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር የማይሄድ መሆኑ ተረጋገጠ። በኋላ ፕሉቶኒየም አሉት።

በዚያው የካቲት እኛ አገር ጎጃም ውስጥ ሌላ ሥራ ነበር። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ገብተዋል፤ እንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ወደ ምሥራቅ ይገፋሉ፤ ጣሊያን የዳንግላንና የእንጅባራን ምሽግ እየለቀቀ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ቡሬ ይሸሻል። የበርክሌዮቹ ሰዎችም የሚሮጡት በዚያው ጦርነት ምክንያት ነው። መጋቢት 19 ቀን የወሳኙ ሙከራ ውጤት መጣ። ለሙከራው 1.2 ኪሎ የሚሆን የዩራኒየም ጨው በፓራፊን ሰም ውስጥ ተደርጎ ከሳይክሎትሮኑ በሚወጣው ኒውትሮን ሲደበደብ ከርሞ ነበር፤ የተገኘው ፕሉቶኒየም 239 የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ግማሽ ነው። በዓይን አይታይ፣ በሚዛን አይመዘን። ግን በኒውትሮን ሲመቱት ተሰነጠቀ፤ ከዩራኒየም 235 ባላነሰ ተሰነጠቀ። ማንም የማይፈልገው 99.3 በመቶ ነዳጅ ሊሆን እንደሚችል የታወቀው በዚያ ቀን ነው። ከአንድ ወር ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ።

ስለ ኒውክሌር ታሪክ በሚጻፈው ሁሉ ፕሉቶኒየም የሪአክተር ልጅ ተደርጎ ይቀርባል። እውነቱ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በዓለም ላይ የነበረው ፕሉቶኒየም በሙሉ የቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያ፣ የሳይክሎትሮን፣ ምርት መሆኑ ነው። በርክሌይና ሴንት ሉዊስ ያሉት ሳይክሎትሮኖች በመቶ ኪሎ የሚቆጠር የዩራኒየም ጨው ሌት ተቀን ይደበድቡ ነበር፤ ቺካጎ ያሉት ኬሚስቶች ደግሞ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቅንጣቷን ይለቅማሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ እኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ይዘን ሳለ፣ በርሪስ ከኒንግሃምና ሉዊስ ወርነር ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሉቶኒየም ውሁድ በሚዛን ላይ አኖሩ፤ 2.77 ማይክሮ ግራም ሆነ። ሚዛኑ ራሱ ለዚያ ሥራ የተመረጠ ነበር፤ ሰው ቢተነፍስበት ይናጋል። በዚያው ዓመት ሲቦርግ ከጆን ጎፍማንና ከሬይመንድ ስታውተን ጋር ቶሪየም የተባለውንም በሳይክሎትሮን ኒውትሮን ደብድቦ ዩራኒየም 233 የሚባል ሌላ ነዳጅ አወጣ። ስለዚህ ዛሬ የሚታወቁት ሁለቱ ሰው ሠራሽ የሪአክተር ነዳጆች ሁለቱም ከአንድ መሣሪያ የወጡ ናቸው።

ነገር ግን ማይክሮ ግራም ቦምብም አይሆን፣ መብራትም አያበራ። ኅዳር 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ኤንሪኮ ፌርሚ ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ሪአክተር አስነሣ። በዓመቱ ቴኔሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ ላይ የተተከለው ሪአክተር ፕሉቶኒየምን በግራም ማምረት ጀመረ። ሳይክሎትሮኖቹ በወራት የለቀሙትን እሱ ወዲያው በለጠው። አፋጣኙ ሥራውን አስረከበ። የላውረንስ ማግኔቶች ግን ሥራ አልፈቱም። ኦክ ሪጅ ውስጥ ካሉትሮን በሚል ስም ዩራኒየም 235ን ከ238 እንዲለዩ 1,152 ሆነው ተተከሉ። መዳብ ለጦርነት ስለተፈለገ ሽቦው ከአሜሪካ ግምጃ ቤት በተበደሩት ከ14,000 ቶን በላይ ብር ተሠራ፤ ከቴኔሲ ገጠር የመጡ፣ የሚሠሩትን ያልተነገራቸው ኮረዶች ማሽኑን አዙረው ሠሩበት። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ ዩራኒየም በአብዛኛው በእነሱ እጅ ያለፈ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካን ያስፈራት የነዳጅ እጥረት ነበር። ለቦምቡ የዋለው ዩራኒየም አብዛኛው የመጣው ከአፍሪካ ነው፤ ቤልጅግ ትገዛው ከነበረው ኮንጎ፣ ሺንኮሎብዌ ከሚባል አንድ የማዕድን ጉድጓድ። አገር ውስጥ የተገኘው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1949 ሶቪየት ኅብረት የራሷን ቦምብ ስታፈነዳ ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፤ የኮንጎው መንገድ ቢዘጋስ? ላውረንስ ይህን ጊዜ የቆየ ሐሳቡን አነሣ። ዩራኒየም 235ን ለይቶ ከሚያወጣው ማበልጸጊያ የተረፈው፣ በጓሮ የተከመረው ዩራኒየም 238 እያለ ዩራኒየም የለንም ማለት አይገባም፤ ኒውትሮን ብቻ ይፈልጋል፤ ኒውትሮኑን ደግሞ ግዙፍ አፋጣኝ ሊያመርት ይችላል። ሉዊስ አልቫሬዝ ንድፉን ያዘ። የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል፣ ቤንዚን ሻጩ ማለት ነው፣ ለዚህ ሥራ ብሎ አንድ ኩባንያ አቋቋመ።

መሣሪያው የተተከለው ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ምሥራቅ ሊቨርሞር በተባለ የወይን እርሻ አገር፣ ባሕር ኃይሉ በለቀቀው የአየር ጣቢያ ላይ ነው። ስሙን የቁስ መፈተሻ አፋጣኝ አሉት፤ እውነተኛው ዓላማ እንዳይታወቅ የተመረጠ ስም ይመስላል። ማርክ አንድ የተባለው ሙከራ ብቻ ነበር፤ ሙከራው ግን ዲያሜትሩ 18 ሜትር የሚሆን፣ አየር ሁሉ ተመጥጦ የሚወጣለት ብረት በርሜል ነው። ባለ አምስት ፎቅ ቤት ቆሞ ይገባበታል። ለወራት ያስቸገራቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ኃይል ከብረት ወደ ብረት እየዘለለ ይፈነጥቃል፣ በፈነጠቀ ቁጥር ጨረሩ ይቋረጣል፣ መሐንዲሶቹ ብረቱን እያጠቡ እንደገና ይጀምራሉ። በመጨረሻ ሠራ። ለምርት የታሰበው ታላቁ ማርክ ሁለት ሚዙሪ ክፍለ ግዛት ሊተከል ቦታ ተመርጦለት ነበር።

ያስቀረው ፊዚክስ አይደለም። በሐምሌ 1952 ዩታ በረሃ ውስጥ ቻርሊ ስቲን የሚባል፣ ገንዘቡ ያለቀ፣ ቤተሰቡን በጎጆ ያስቀመጠ የጂኦሎጂ ባለሙያ መቆፈሪያው ተሰብሮበት ወደ ቤት ሲመለስ፣ የወጣውን ጥቁር ድንጋይ በሰው ጋይገር የጨረር መቁጠሪያ አስፈተሸ። መርፌው ጥግ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የዩራኒየም ፈላጊ ሁሉ ወደ ኮሎራዶ ደጋ ነጎደ፤ አሜሪካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በገዛ አገሯ ዩራኒየም ተጥለቀለቀች። ርካሽ ድንጋይ ካለ ውድ አፋጣኝ ምን ያደርጋል? ፕሮጀክቱ ታጠፈ። ሊቨርሞር ያለው ግቢ በመስከረም 1952 ለሌላ ሥራ፣ ለኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ተሰጥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም እሱው ነው። የዚህ ሐሳብ ዕጣ ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ እንዲሁ ሆነ። ዩራኒየም ሊያልቅ ነው ሲባል ይነሣል፤ ዩራኒየም ተትረፈረፈ ሲባል መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ የዋጋው ነገር ካልገባ ታሪኩ አይገባምና። ፕሮቶን አንድ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ እርሳስን የመሰለ ከባድ ብረት ሲመታ አስኳሉን ይፈረካክሰዋል፤ ከአንድ ፕሮቶን ከ20 በላይ ኒውትሮኖች ይበተናሉ። ዒላማው ዩራኒየም 238 ከሆነ ኒውትሮኖቹ ራሳቸው ጥቂቱን እየሰነጠቁ ስለሚባዙ ቁጥሩ ወደ 40 ይጠጋል፤ ያም ማለት ወደ 40 የሚጠጋ የፕሉቶኒየም አተም ነው። አንዱ አተም በሪአክተር ውስጥ ሲሰነጠቅ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል፤ 40ው 8 ቢሊዮን። ከዚህ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሆነው ሲሶው ነው፣ 2.7 ቢሊዮን ገደማ። ወጪውስ? ፕሮቶኑን አንድ ቢሊዮን ለማድረስ፣ አፋጣኙ ከሚስበው ኤሌክትሪክ ግማሹን ወደ ጨረር ቢለውጥ፣ 2 ቢሊዮን ያስፈልጋል። 2 ሰጥቶ 2.7 መቀበል ነው። ትርፍ አለው፤ ግን የመሣሪያው ዋጋ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የነዳጅ ማጣሪያው ወጪ ሲነሣለት የሚተርፈው ስስ ነው። ዩራኒየም በጣም ሲወደድ ብቻ ያዋጣል።

የሥራውን ሳይንስ ከማንም በላይ የገፋው ካናዳ ነው። በቾክ ሪቨር ቤተ ሙከራ ዊልፍሪድ ቤኔት ሉዊስ በ1952 ከከባድ አስኳሎች ስለሚገኘው የኒውትሮን ብዛት አንድ ሰነድ ጻፈ፤ ብዙዎች የዘርፉ መነሻ ያደርጉታል። በ1960ዎቹ ካናዳውያን 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶን በ65 ሚሊ አምፔር የሚረጭ፣ ዒላማው የቀለጠ እርሳስና ቢዝመዝ የሆነ የኒውትሮን ማመንጫ ነደፉ። በ1968 መንግሥታቸው ወጪውን አይቶ ሰረዘው።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ዓመታት ከሩቅ ሆና አልተመለከተችም፤ ቢያንስ በወረቀት። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ1957 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ነበረች፤ በ1970 የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል አጸደቀች። ይህ ውል ለዚህ ታሪክ ዋና ነገር ነው። ዩራኒየም 238ን ወደ ፕሉቶኒየም የሚለውጥ አፋጣኝ፣ ባለቤቱ ምንም ቢል፣ የቦምብ ቁስም ሊያመርት ይችላል። በተግባር ግን የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ የኃይል ተስፋ ያረፈው በውሃ ላይ ነበር። ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ቺዝማን በበቅሎ የተጓዘበትን አባይ በሄሊኮፕተርና በአውሮፕላን አጥንተው የግድብ ቦታዎችን ለዩ። ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው አንዱ ቦታ ለግማሽ ምዕት ዓመት በፋይል ውስጥ ቆየ።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲንር የአፋጣኙ ሐሳብ ኒው ዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደገና ነቃ። ሜየር ስታይንበርግና ባልደረቦቹ ነዳጁን እያወጡ በኬሚካል ማጣራት ሳያስፈልግ፣ ያገለገለውን የነዳጅ ዘንግ እንዳለ በኒውትሮን አድሶ መልሶ ወደ ሪአክተር መክተት የሚል ዘዴ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 ፕሉቶኒየም ማጣራትን ባገዱበት ወቅት የተመቸ ሐሳብ ነበር። ከዚያ የስሪ ማይል ደሴት አደጋ መጣ፤ አዲስ ሪአክተር የሚያዝ ጠፋ፤ ዩራኒየም ወደቀ፤ ሐሳቡም ተመልሶ ተኛ። 1980ዎቹን በዚህ ማለፍ ይበቃል።

ቀጥሎ የመጣው ካርሎ ሩቢያ ነው፤ የ1984 የኖቤል ተሸላሚ ጣሊያናዊ፣ ጄኔቭ ያለውን ሰርን የተባለ ቤተ ሙከራ እስከ 1993 የመራ። እሱ ነገሩን ገለበጠው። አፋጣኝ ለብቻው ነዳጅ ሠርቶ ለሌላ ሪአክተር ከሚልክ፣ አፋጣኙና ሪአክተሩ አንድ ይሁኑ አለ። ቶሪየም በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ይቀመጥ፤ ብቻውን ሰንሰለቱን ማስቀጠል የማይችል ይሁን፤ ፕሮቶኑ ሲገባ ቶሪየሙ ዩራኒየም 233 እየሆነ እዚያው ይንደድ፤ ፕሮቶኑ ሲቋረጥ ይጥፋ። ከቼርኖቤል በኋላ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ሪአክተር ማለት ትልቅ ነገር ነበር። በ1994 በሰርን የተደረገው ሙከራ 3.6 ቶን የተፈጥሮ ዩራኒየም በውሃ ውስጥ አስቀምጦ የፕሮቶን ጨረር ለቀቀበት፤ የወጣው ሙቀት ከገባው ጨረር ጉልበት 30 እጥፍ ያህል ሆነ።

ሩቢያ ይህን ሲያውጅ ዳንግላ ባለችበት በአዊ ውስጥም ነዳጅ ማብቀል የተጀመረበት ጊዜ ነበር። በፋግታ ለኮማ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ አሲድ ሆኖ እህል እምቢ ያለውን መሬት ገበሬው በአውስትራሊያ ግራር፣ ዲከረንስ በሚለው፣ መሸፈን ያዘ። በመጀመሪያው ክረምት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቆርጥና አፈር አልብሶ ያከስለዋል፤ ማዳበሪያ በሚባለው ከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ያቆመዋል፤ አይሱዙው ወደ አዲስ አበባ ይጭነዋል፤ በከሰለበት መሬት ላይ ጤፍ ወይም ስንዴ ተመልሶ ይዘራበታል። ዩራኒየም 238ም ሆነ ቶሪየም እንደዚያ መሬት ነው፤ ራሱ አይነድም፣ ኒውትሮን ሲተክሉበት ግን የሚነድ ያወጣል። አዊ ያደገ ሰው የሩቢያን ሐሳብ ለመረዳት ከጄኔቭ ተማሪ የቀረበ ይመስለኛል። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ መትቶት ብዙ ገበሬ ከስሯል፤ የሩቢያን ማሽን የመታው ሌላ ነገር ነው።

የመታው የአስተማማኝነት ጉዳይ ነው። ጨረሩ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ የሪአክተሩ ብረት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስ በድንገት ይግላል፤ ይህ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። ቤልጅግ ሞል ከተማ ላይ ማይርሃ በሚል ስም የሚገነባው ሪአክተር በሦስት ወር ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚቆይ መቋረጥ ከ10 ጊዜ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። መብራት ሄደ፣ መጣ በሚባልበት አገር ለሚኖር ሰው ሦስት ሰከንድ መቋረጥ ተብሎ አይቆጠርም፤ ለተራ የምርምር አፋጣኝ ግን በቀን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የቤልጅግ መንግሥት በ2018 ለዚህ 558 ሚሊዮን ዩሮ መደበ፤ የመጀመሪያው ክፍል፣ 100 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚያደርሰው አፋጣኝ፣ በ2024 ግንባታው ተጀመረ። ቻይና ሁይጆ ላይ የራሷን ትገነባለች። ዩክሬን በካርኪቭ በአፋጣኝ የሚነዳ የኒውትሮን ምንጭ ከአሜሪካኖች ጋር ሠርታ ነበር፤ በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር በመድፍ ተመታ። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ ከላውረንስ ዓላማ ርቋል። ነዳጅ ማምረቱ ሁለተኛ ሆኗል፤ ቀዳሚው ሪአክተሮች የተዉትን፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሚመርዘውን ቆሻሻ ደብድቦ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

የእኛ አገር ሰው ከአፋጣኝ ጋር የሚገናኘው በሆስፒታል ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕመምተኞችን ያከመው በኮባልት 60 ነበር፤ ኮባልቱ ውጭ አገር ሪአክተር ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ነው፣ ሲያረጅ የሚዳከም። አሁን ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው አፋጣኝ ገብቷል። ከእንጅባራና ከዳንግላ ሪፈር ተጽፎለት የሚሄደው ሕመምተኛ የሚተኛበት ማሽን የሊቨርሞሩ በርሜል የሩቅ ዘመድ ነው፤ ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ብረት ላይ ያጋጫል፤ ከዚያ የሚወጣው ጨረር ዕጢውን ይመታል።

ኤሌክትሪኩስ? በ2002 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውሃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ይለቃል፤ ውሃውም በአዊዋ ጃዊ ወረዳ ቆላ በኩል ይወርዳል። አራቱ ተርባይኖች በሙሉ ቢሽከረከሩ 460 ሜጋ ዋት ነው። ካናዳውያን እንዳሰቡት ዓይነት፣ ግን 100 ሚሊ አምፔር የሚረጭ አፋጣኝ፣ የጨረሩ ኃይል 100 ሜጋ ዋት፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ 200 ሜጋ ዋት ይሆናል። በለስ ሁለቱን ብቻ ይችላል። አንዱ ሳይቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 300 ኪሎ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያወጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 600 ኪሎ። አንድ 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሪአክተር በዓመት የሚሰነጥቀው አንድ ቶን ገደማ ነው። ከወረቀት ወደ መሬት ሲወርዱ ደግሞ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት ኃይለኞቹ የፕሮቶን አፋጣኞች ጨረራቸው 2 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ከሚፈለገው አንድ ሃምሳኛ። በለስ መብራት መስጠቱን ቢቀጥል ይሻላል።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሶቺ ላይ ኢትዮጵያና ሩሲያ አቶምን ለሰላም ስለመጠቀም ስምምነት ፈረሙ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሜሪካኖቹ ካጠኑት ቦታ አጠገብ የተሠራው 5,150 ሜጋ ዋቱ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሚቀጥሉት ዓመታት ከሚጀመሩት ሥራዎች ውስጥ የኒውክሌር ማመንጫን ጠሩ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ።

በዚህ መካከል የዩራኒየም ዋጋ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከ2007 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓውንድ ከ100 ዶላር በላይ ወጥቷል፤ አፋጣኙን ከመደርደሪያው ያወረዱ ሰዎችም አሉ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ትራንስሙቴክስ የሚባል ኩባንያ የሩቢያን ቶሪየም አንሥቷል። በእኛ አገር የቀንጢቻው ታንታለም ማዕድን ዩራኒየምና ቶሪየም እየቀላቀለ ኤክስፖርቱን ያስቸግራል እንጂ የነዳጅ ምንጭ ተብሎ አይታሰብም። ኢትዮጵያ ሪአክተር ከሠራች ነዳጁ በልጽጎ፣ በዘንግ ታሽጎ ከውጭ ይመጣል፤ ሮሳቶም በሸጠበት ሁሉ የተለመደው ይኸው ነው። የዛሬ ሪአክተር 60 ዓመት እንዲሠራ ተደርጎ ይነደፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የነዳጁ ዋጋ በምን ይተመናል፣ ያገለገለው ዘንግስ ወደ ሻጩ ይመለሳል ወይስ እዚሁ ይቀራል የሚሉት አንቀጾች ውሉ ውስጥ ከየትኛውም አንቀጽ በፊት ቢነበቡ ደስ ይለኛል።